የሂርማታው ግቢ የተባይ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ዝናቡ ቀነስ አለ። ጅማ ላይ «አባራ» ብሎ የሚምል ሰው የለም፤ ቢሆንም ጭቃ የሚያደርቅ ፀሐይ ከእንግዲህ አይጠፋም። ክረምቱን ሙሉ «ይደርሳል» ሲባል የከረመው ሥራ ተጀመረ።

ግቢው የአክስቴ ነው። ሂርማታ፣ ከመርካቶው ብዙም አይርቅም። የፊተኛው ተርታ ብሎኬት፣ የኋለኛው አምስት ክፍል ጭቃ፣ መሃሉ ላይ አቮካዶ። ማዕድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የጋራ ናቸው። የትኋኑ ችግር የኋለኛው ተርታ ላይ ስለሆነ ክፍሎቹን ከውጭው በር በኩል ጀምሬ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ብዬ እጠራቸዋለሁ።

ሥራውን ያስጀመረችው 3 ቁጥር የነበረችው ነርስ ናት። ቁልፉን ስትመልስ «ቤቱስ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ግን የለበትም» ብላ ሄደች። አክስቴ ይህን ስትሰማ እንደ ልማዷ «ይረጫ» አለች። የግቢው ልማድ ይኸው ነው፤ የጮኸ ክፍል ይረጫል፣ ያልጮኸ ይታለፋል። ትኋን ግን የማን ክፍል የማን እንደሆነ ለይቶ አይሄድም። የአምስቱ ክፍሎች ግድግዳ የጋራ ነው፤ የማዳበሪያ ኮርኒሱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። 3 ቁጥር ሲረጭ ያልሞተው በስንጥቁ ወደ 2 እና ወደ 4 ይሻገራል፤ መድኃኒቱ ሲደክም ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ለአክስቴ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፤ ወይ ሁሉም ክፍል አብሮ ይሠራል፣ ወይ ገንዘቡን አናባክን።

«ወጪውስ?» አለች።

«ባዶ የሚያድረው ክፍል ይበልጣል» አልኳት። ዝም አለች። የእሷ ዝምታ እሺታ ነው።

ጥቅምት፣ ፍተሻው

በእጅ ባትሪና በአሮጌ መታወቂያ ካርድ ገባሁ። ካርዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ትኋኑ ራሱ ባይታይ እንኳ ምልክቱ አይደበቅም። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለ፤ እሱ የተፈጨ ደም ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቡናማ ሆኖ ይለቃል። የተገፈፈ ቆዳም ይገኛል፤ ግልገሉ አድጎ እስኪጨርስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላልና። እንቁላሉ ነጭ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ።

ከፍተሻው ይልቅ የከበደው ሰውን መጠየቁ ነው። «ትኋን አለብህ ወይ?» ማለት ሰውን «ቆሻሻ ነህ» እንደማለት ይሰማል። 2 ቁጥር ያለው አስተማሪ «እኔ ጋ? ኧረ በጭራሽ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ጥያቄውን ቀየርኩት። «ግድግዳው ሊመረግ ስለሆነ አልጋውን ትንሽ እናርቀው» ስል ማንም አልከለከለኝም። ከሁሉም የባሰው የአስተማሪው አልጋ ራስጌ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አልዋሸም፤ አንዳንድ ሰው ተነክሶ ቆዳው ምንም አያሳይም። 4 ቁጥር ያሉት ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። የእሷ ክንድ አብጦ ያድራል፣ የእሱ ንጹሕ ነው፤ «የምግብ አለርጂ ነው» እያለ ወደ ሐኪም ሊልካት ነበር። ከዚህ በኋላ ማን እንደተነከሰ እየጠየቁ ክፍል መለየት ተውኩ። አልጋ ነው የሚታየው።

እግረ መንገዴን፦ በረሮ ፍርፋሪ ፈልጎ ይመጣል፣ አይጥም እንዲሁ። ትኋን የሚፈልገው ደምና መደበቂያ ብቻ ነው። ወለሏን በቀን ሁለቴ የምትወለውለው የ4 ቁጥሯ ሴትዮ ማፈሯ ያሳዝነኛል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ጋዜጣው

5 ቁጥር ያሉት እማማ ከሁሉም የቆዩ ተከራይ ናቸው። ግድግዳቸው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በጋዜጣው ላይ ማዳበሪያ፣ በማዳበሪያው ላይ ሌላ ጋዜጣ። ጭቃው እንዳይረግፍና ብርዱ እንዳይገባ የተደረገ ነው፤ ለቤቱ አሳቢነት ነው። ግን አንዱን ጫፍ ይዤ ስስበው ከጀርባው የወጣው ነገር ለምሳ ሰዓት የሚወራ አይደለም።

እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩኝ ነበር።

«አየህ ልጄ፣ ያ አጎበር የመጣ ሰሞን ትኋን ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ኋላ ላይ አጎበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር ጀመረ።»

ትክክል ናቸው። አጎበሩ የሚነከርበት መድኃኒት ከሱቅ የምንገዛው የአብዛኛው ፍሊት ዘመድ ነው። በየሌሊቱ የነካው ትኋን መጀመሪያ ይሞታል፤ ያልሞተው ይዋለዳል፤ ከዓመታት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒቱን የቻለው ዘር ነው። ብዙ ሰው ትኋን መግደል ሲያቅተው አጎበሩን «አይሠራም» ብሎ ያወርደዋል። አይውረድ። ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ወባ አለ፣ አጎበሩም የተሰጠው ለወባ ነው። እማማ የእሳቸውን መልሰው ሰቅለዋል።

ወረቀቱን እየገነጠልን በማዳበሪያ አፉን አስረን በዚያው ሰዓት አቃጠልን። ወደ ገንዳ ቢወሰድ መንገድ ላይ ለጎረቤት ማደል ነው።

አልጋዎቹ ሁሉ ውጭ ወጥተው ተፈቱ። ጅማ የአናጢ ከተማ ስለሆነች የእንጨቱ ሥራ ጠንካራ ነው፤ መጋጠሚያው ግን እያንዳንዱ የትኋን ቤት ነው። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ቀጥታ መጋጠሚያው ላይ ይፈስሳል። ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ትልቁንም እንቁላሉንም በደቂቃዎች ይገድላል፤ ምንም ትኋን ይህን አይለምድም። የብረት አልጋ «ትኋን አይዝም» ይባላል። ቱቦው ባዶ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ከወለቀች ውስጡ ከእንጨቱ የባሰ ነው። በፈላ ውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ጫፉን በሲሚንቶ ደፈንነው።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ሁሉም የሚያደርገው ነው። ላዩ ይሞቃል፣ ውስጡ አይሞቅም፤ ትኋኑም ወደ ጥላው ጎን ይዞራል። ስፌት ስፌቱን በደረቅ ብሩሽ ጠርገን፣ በወፍራም ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ከትተን ዙሪያውን በማሸጊያ አሸግነው። ትኋን ያለ ደም ለወራት ስለሚቆይ ፕላስቲኩ ለሳምንት ሳይሆን ለዓመት ነው የሚለብሰው። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ካውያ በስፌቱ ላይ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ምርጊት

መራጊው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አብኩቶ ስላቆየው ሥራው ፈጠነ። የመጀመሪያው ልባስ ሲደርቅ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ሁለተኛ ቀጭን ልባስ በእበትና በአሸዋ ይመጣበታል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ላይ ያቆማል፤ ስንጥቁም ለተባይ እንደተከራየ ይቀራል። ቋሚው እንጨት ከጭቃው የሚለያይበት፣ የመስኮቱና የበሩ ክፈፍ ጥግ፣ የመብራት ሽቦ የገባበት ቀዳዳ፣ እነዚህን በጀሶ ደፈንን። 1 ቁጥር ላይ አንድ ቋሚ ምስጥ ጨርሶት ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ተቀየረ። ላዩ ኖራ ተቀባ። ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ቶሎ ይታያል።

ኮርኒሱንም በየክፍሉ አጥር ለየነው፤ ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ወጣ። ከሁሉም ወጪ አክስቴን ያናደዳት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሲያልቅ ምንም አይታይም።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይጠረጋል፣ ይታጠናል። እኛም ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ክምር አነሳን፦ ገረባ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሕፃን ጋሪ። ጭሱ ትኋን አይገድልም፤ ወይራም ሆነ ቀበሪቾ ቢሆን ሽታው ነው የሚቀረው። ጥቅሙ የክምሩ መነሳት ነው፤ ለአይጥ ከገረባ ክምር የበለጠ መኝታ የለም።

ክምር ሲነሳ አይጡ የት ይሄዳል? የቅርቡ ክፍል ውስጥ። ስለዚህ ከኅዳር 12 በፊት በሮቹ ተሠርተው ነበር። ከበሩ ግርጌ ከውጭ በኩል የቆርቆሮ ቁራጭ ተመታ፤ እንጨትም ጎማም ይቆረጠማል። ቆርቆሮው ጣሪያ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ሞገዱ የሚተወውን ክፍተት በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ ዘጋን። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካገኘች ትገባለች፤ እርሳስ የሚያስገባ ሁሉ በር ነው ማለት ነው። ለትናንሾቹ ቀዳዳዎች ድስት መፈተጊያ ሽቦ ተጠቅጥቆ ጀሶ ይለሰንበታል።

መርዝ አልተጠቀምንም። ደም የሚያቀጥነው የአይጥ መርዝ ከተበላ በኋላ ቀናት ይወስዳል፤ አይጡም ሄዶ የሚሞተው ኮርኒስ ላይ ነው። ያንን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ ልጆችና የእማማ ድመት አሉ። ወጥመዱ በግድግዳው ጥግ ተቀመጠ፣ ማጥመጃው ወደ ግድግዳው ዞሮ፤ አይጥ መሃል ሜዳ አይሄድም። መጀመሪያ ሳይጠመድ በኦቾሎኒና በዘይት የተነካካ ዳቦ ብቻ ተተወለት። አይጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል፤ እስኪለምድ መታገሥ ነው። ከተጠመደ በኋላ የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ያዘ፤ ከዚያ እየሳሳ ሄደ።

ኅዳር፣ ሐጂ

ከኋላው ግድግዳችን ማዶ የእህል መጋዘን አለ። ባለቤቱ ሐጂ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ከአክስቴ ጋር ሰላምታቸው የቆየ፣ ክርክራቸውም የቆየ ነው።

«ሐጂ፣ አይጡ ከእርስዎ ጋ ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እህሉ የኔ ነው፤ አይጡ የናንተ ነው» አሉ። «በልቶ የሚተኛው እናንተ ጋ ነው።»

እውነት አላቸው፤ ሳቅን። ሄጄ ሳይ ጆንያዎቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው መሬት ላይ ተደርድረዋል። በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ ቢሉና ከግድግዳው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቢርቁ ድመትም ሰውም ያያል አልኳቸው። እሳቸው ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ያጡት ቦታ ነው።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለነቀዝ በጆንያዎቹ መሃል የሚደረገው ክኒን። ይህ ክኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ የሚገድለውም ጋዙ ነው። ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም፣ ማርከሻም የለውም፣ በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ በኩል ደግሞ ወዲህ ያልፋል። ወዲህ ደግሞ 4 ቁጥር ሰው ይተኛል። ለሐጂ ይህን ስነግራቸው ቀልዱ ቀረ። የ4 ቁጥሮቹ ልጅ ስሟን ያውቃሉ፤ በየጊዜው ከረሜላ ይሰጧታል። «ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ቤት ክኒን አይገባም» አሉ፤ መድኃኒት የሚፈልገው እህል ሰው ወደማያድርበት ወደ ሌላው መጋዘናቸው ሄደ። ግድግዳውን በሁለቱም በኩል ለመለሰን ተስማማን። የእኛ በኩል አልቋል።

ኅዳር መጨረሻ፣ ርጭት

የ1 ቁጥር ልጆች ባይቸኩሉ ኖሮ የርጭቱን ማስታወሻ በማስጠንቀቂያ መጀመር ባላስፈለገኝ ነበር። ሦስት ሆነው የሚኖሩ የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወረቀት በሌለው በሃይላንድ ተገልብጦ የሚሸጥ ማላታይን ገዝቶ ማታ ፍራሹ ላይ ረጭቶ ተኛበት። ሌሊት ራሱን አዞረው፤ ምራቁና እንባው አልቆም አለ፤ ላብ አጠመቀው። ጓደኞቹ ልብሱን አውልቀው በሳሙና አጥበው ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ደግነቱ ጠርሙሱን ይዘው ነው የሄዱት፤ ሐኪሞቹ ሲያሸቱት አወቁት። ለዚህ መርዝ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ። በማግስቱ ተመለሰ።

ማላታይን የእርሻ መድኃኒት ነው። መኝታ ላይ የሚደረግ አይደለም፤ በውኃ ጠርሙስ የሚቀመጥማ ጭራሽ አይደለም። ከግቢው ክፍሎች ተመሳሳይ ጠርሙሶች እንዲወጡ ስጠይቅ ቁጥራቸው ከጠበቅሁት በላይ ነበር። አንዱ ከዘይት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ለእኛ የረጩት በጡረታ ላይ ያሉ፣ ድሮ በወባ ርጭት የሠሩ ሰው ናቸው። ጓንት፣ ጭምብል፣ ረጅም እጅጌ፤ ልኩን ከወረቀቱ እያነበቡ፤ የተዘጋጀው በዕለቱ አልቆ። «ዲዲቲ ቢኖር አንድ ሌሊት አይፈጅብንም ነበር» አሉ። ዲዲቲን የቻለ ትኋን ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር በሚገኝ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ላይ መታየቱን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እኛስ የምንረጨው ለወባ ነበር» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የእሳቸው ጥሩነት አየር ላይ አለመርጨታቸው ነው። ክፍል በጭጋግ ሞልቶ በር መዝጋት ትኋንን ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያገኘውም። እሳቸው የአልጋው መጋጠሚያ፣ የበሩ ክፈፍ፣ የወለሉና የግድግዳው መገናኛ ላይ በጠባብ አፍ ያስኬዱታል። አምስቱም ክፍል በአንድ ቀን። ሌማትና ልጆች ውጭ፤ እስኪደርቅና እስኪናፈስ ማንም አልገባም። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይነካ ይደገማል። እንቁላል በሙቀት ከ6 እስከ 10 ቀን ይፈለፈላል፤ እንደ ጅማ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። በየሁለት ሳምንቱ እንዲደገም ተስማማን።

2 ቁጥር አስተማሪው የቤተሰቡን ጀንፈል ቡና አልጋው ሥር ያስቀምጣል። ቡና ባለበት መድኃኒት አይገባም፤ ሽታ ይስባል፣ የሚጠጣም ነገር ነው። ጆንያዎቹ ወጥተው፣ ተራግፈው፣ ክፍሉ ከደረቀ በኋላም ሳይመለሱ ወደ ፊተኛው ተርታ ዕቃ ቤት ሄዱ። ተቆጣ፤ ከዚያ ጆንያው ሥር ያለውን አየና ተወው።

ታኅሣሥ፣ በረሮ

አጭር ነው። ትልቁ ቀይ በረሮ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው የሚመጣው፤ ለጉድጓዱ ክዳን ተሠራለት። ትንሹ ከማዕድ ቤቱ ነው፤ ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል በአንድ ከረጢት ተሸክማ ስለምትዞር አንዷ ብትተርፍ ይበቃል። ቦሪክ አሲድ ከስኳርና ከዱቄት ጋር ተለውሶ ልጅ በማይደርስበት ከምድጃው ጀርባና ከመደርደሪያው ሥር ተደረገ። እዚያ ፍሊት መንፋት ተከልክሏል፤ የተነፋበትን ምግብ በረሮ ይሸሸዋል። ማታ ማታ ዕቃ ታጥቦ ካላደረ ግን ከስኳሩ ይልቅ የወጡ ትርፍ ይጥመዋል። በዚህ ላይ የሴቶቹ ስብሰባ ከእኔ ትእዛዝ የተሻለ ሠራ፤ ተራ አወጡ።

ጥር

ከመጀመሪያው ርጭት ወዲህ በየአልጋው እግር ሥር የሳልሳ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ውስጡ ትንሽ የተቃጠለ ዘይት አለ። አልጋው ከግድግዳ ርቋል፣ ብርድ ልብስ መሬት አይነካም፤ ትኋኑ ለመውጣትም ለመውረድም ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል፣ የሚያንሸራትተውን ግድግዳ አይወጣም። ውኃ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የትንኝ ማራቢያ ይሆናል። ቆርቆሮውን የማየው እኔ ነኝ፣ የማን ክፍል ምን እንደያዘም ለሌላው አላወራም። ይህ ባይሆን ማንም አያሳየኝም ነበር።

1፣ 3 እና 5 ቁጥር ከገና በኋላ ምንም የለም። 2 ቁጥር ሁለት ግልገል፤ 4 ቁጥር አንድ ትልቅ። የቡናው ለቀማ ሰሞን የ1 ቁጥር ልጆች ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ አሳድረው ነበር፣ ከነምንጣፉ፤ ምንጣፉ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ፣ ከዚያ በፈላ ውኃ ታጠበ።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት ስለማያንስ «ይለቅና እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም። ተከራይ ተባይ ሲያይ ወዲያው ይናገራል፤ የመድኃኒቱንና የባለሙያውን ወጪ አክስቴ ትችላለች፤ ተከራይ በራሱ አይረጭም። አክስቴ «እኔ ልክፈል?» ብላ ነበር። ክፍያው በተከራይ ላይ ከሆነ ይደብቀዋል፤ ሲደበቅ አምስት ክፍል ይሆናል። በዚህ ነገር ድርድር የለኝም።

3 ቁጥር አዲስ ተከራይ አገኘ፣ አንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ። ፍራሿ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ታየ። አክስቴ «ሰው ይቀየማል» ብላ ስለፈራች ራሷ ቡና አፍልታ ይዛት ተቀመጠች፤ ልጅቷ ግን ቀድማ ስፌቱን ገልብጣ አሳየችኝ።

የቀረው፦ ለ2 እና ለ4 ቁጥር ድጋሚ የፈላ ውኃና ርጭት፤ ለሽንት ቤቱ የአየር ማስወጫ ቱቦ አናት ወንፊት ሽቦ፤ እና የሐጂ በኩል ያለው ግድግዳ። ሲሚንቶው ተገዝቷል። ሐጂ ከረመዳን በፊት መጋዘኑን ባዶ አደርጋለሁ ብለዋል።